በግንብ ውስጥ የተደበቀ የባኞ ማፍሰሻ አጠጋገን

ውሃ ወደ ቤት ስለሚገባበት መንገድ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ቆጣሪ ሲተከል ቤተ ሰቡ ይደሰታል፣ ጎረቤትም መጥቶ ያያል። ዳሩ ግን የገባው ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚጠየቀውም አንድ ቀን ግድግዳው ረጥቦ ቤቱ መሽተት ሲጀምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የባኞ ማፍሰሻ ከግንብና ከሴራሚክ ጀርባ ተደብቆ እጅ የማይደርስበት በሆነ ጊዜ ጉድለቱ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚጠገን እንገልጻለን።

በደባርቅና በዳባት ባኞ ያለው ቤት ብዙ አለመሆኑን እናውቃለን። አብዛኛው ሰው በሳፋ ይታጠባል። ባኞ የሚገኘው በሆቴሎች፣ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚሄዱ መንገደኞች ክፍል በሚያከራዩ ቤቶችና በአንዳንድ ግለሰቦች ቤት ነው። ሆኖም ሴራሚክ የለበሰ ሻወር ቤት ያላቸው ሰዎች እየበዙ ነውና፣ የእነርሱም ማፍሰሻ በዚሁ ዓይነት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ባኞ የለኝም ብላችሁ ንባቡን አትተዉት።

አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ይገባል። ባኞ የሚለው ስምም ሲፎን የሚለው ስምም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ስሙን ተቀብለን አያያዙን ሳንቀበል ቀረን እንጂ ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። ባኞ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ከታች ያለው፣ ወንፊት የተገጠመበት ዋናው ማፍሰሻ ነው። ሁለተኛው ከአፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ በጎኑ ያለው የትርፍ ውሃ መውጫ ነው። ይኸውም ቧንቧ ተከፍቶ ቢረሳ ውሃው ወለሉን እንዳያጥለቀልቀው ታስቦ የተደረገ ነው። ከሁለቱም ቀዳዳዎች የሚነሡት ቱቦዎች ከባኞው ሆድ ሥር ይገናኙና ወደ ሲፎን ይገባሉ። ሲፎን ማለት እንደ ዝይ አንገት የታጠፈ ቱቦ ነው። ከሲፎኑ ወጥቶ ውሃው ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይሄዳል። በየመጋጠሚያው ውሃ እንዳያመልጥ የሚይዝ ክብ ጎማ፣ ሠራተኞች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ አለ። ዋጋው ትንሽ የሆነው ይህ ጎማ ደርቆ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ነው ግድግዳ የሚፈርሰው።

ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ የአሠራሩ ልማድ ነው። ግንበኛው ባኞውን በግድግዳ ጥግ ያስቀምጠዋል። ፊቱን በብሎኬት ይዘጋና በሴራሚክ ያለብሰዋል። ሥራው ያማረ ይሆናል። ነገር ግን ወደ ሲፎኑ የሚያስገባ አንዲት መስኮት እንኳ አይተውም። አምፖል ይቃጠላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጎማ ይደርቃል ብሎ አለማሰቡ ይገርመናል።

ደባርቅ ውስጥ በአንድ ቤት ያየነውን እንናገር። ባለቤቲቱ ባል የሞተባቸው እናት ናቸው። ሁለት ክፍል ለእንግዶች ያከራያሉ። የባኞ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ የእህል ማስቀመጫ ክፍላቸው ነው። ለዘር ያስቀመጡት ሁለት ጆንያ ገብስ ከግድግዳው ሥር ነበር። አንድ ቀን ጆንያውን ሲያነሡት ከታች ረጥቦና ሻግቶ ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ አገኙት። የተጠራው ግንበኛ «እትዬ፣ ሲፎኑ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም» አላቸው። እኛም በቦታው ነበርንና፣ ሳንመረምር፣ ልክ ነው አልን። የባኞው ፊት በሙሉ ፈረሰ። ሴራሚኩ ተሰባበረ። ሲፎኑ ግን ደረቅ ነበር፤ አቧራ እንኳ ለብሶ ነበር።

በዚህ ጊዜ እኒያ እናት «እኔ እኮ ከመጀመሪያው ነግሬያችሁ ነበር፤ ግድግዳው የሚረጥበው ውሃ በመጣ ማግሥት ነው» አሉን። ነገሩ ይህ ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በተወሰኑ ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ስለዚህ እርሳቸው ባኞውን እንደ በርሜል ይጠቀሙበታል። መድፈኛውን ደፍነው፣ ቧንቧውን ከፍተው ይተኛሉ። ውሃው ሌሊት ይመጣና ባኞውን ይሞላል። ከዚያም እስኪነጋ ድረስ በትርፍ ውሃ መውጫው ሲወርድ ያድራል። የዚያ መውጫ ጎማ ከባኞው ጀርባ በኩል ተሰንጥቆ ኖሮ ውሃው ወደ ቱቦው መግባቱን ትቶ በግድግዳው ሥር ወደ ገብሱ ይሄድ ነበር። እንግዳ ቆሞ ሻወር ሲወስድ ግን ውሃው እዚያ ከፍታ ስለማይደርስ አንዲት ጠብታ አትፈስም። ግድግዳው መቼ እንደሚረጥብ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሴራሚኩ በዳነ ነበር። ስሕተቱ የግንበኛው ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

እንግዲህ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ እንደዚህ ነው። ባኞውን አንድ ቀን ሙሉ ሳትጠቀሙበት አድርቁት። እርጥበት በሚታይበት ግድግዳ ሥር ደረቅ አመድ በስሱ ነስንሱ። አመድ ጠብታ ሲነካው ቶሎ ይጠቁራልና ውሃው ከየት እንደ ጀመረ ያሳያል። በመጀመሪያ ውሃ ባለበት ሰዓት በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ማንም ሳይቀዳ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሚያፈሰው ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ነው እንጂ ማፍሰሻው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ባኞውን መንካት ከንቱ ድካም ነው።

ቆጣሪው የማይዞር ከሆነ ባኞው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በጣሳ ውሃ በቀስታ አፍስሱ። አመዱ ከረጠበ ጉድለቱ የጠርዙ ሲሊኮን መሰንጠቅ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስለ ሆነ፣ ዋጋውም ቀላል ስለ ሆነ፣ ከሁሉ በፊት ቢታይ መልካም ነው። አዲስ ሲሊኮን ስትቀቡ አሮጌውን ፈጽሞ ፍቃችሁ አንሡ፣ ቦታውንም አድርቁ። ከዚያ በኋላ ባኞውን ከትርፍ መውጫው ዝቅ እስኪል ድረስ ውሃ ሙሉትና ውሃው እንዳለ ቀቡት፤ ሲሊኮኑም እስኪደርቅ አታፍስሱት። ባኞ ሲሞላ በክብደቱ ጥቂት ዝቅ ይላል። ባዶውን ከቀባችሁት በሞላ ጊዜ ሲሊኮኑ ተስቦ እንደ ገና ይሰነጠቃል።

ጠርዙም ደህና ከሆነ ማፍሰሻውን በመድፈኛ ዝጉና ከትርፍ መውጫው ዝቅ ብሎ እስኪቆም ድረስ ውሃ ሙሉ። ቀይ ሥር ፈጭታችሁ ጭማቂውን ብትጨምሩበት የሚያፈሰው ውሃ የት እንደሚወጣ በቀለሙ ይታወቃል። (ከሙከራው በኋላ ባኞውን ቶሎ ማጠብ ነው፣ አለዚያ ቀለሙ ይይዛል።) የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና እስኪነጋ ተዉት። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ወርዶ አመዱ ከቀላ የወንፊቱ ሥር ጎማ አልቋል። ውሃው ወርዶ አመዱ ደረቅ ከሆነ ግን መድፈኛው ራሱ ነው የሚያሳልፈው፤ ይህ ጉዳት የለውም። ውሃው ካልወረደ ጨምሩበትና በትርፍ መውጫው እንዲፈስ አድርጉ። ያን ጊዜ ከረጠበ፣ እንደዚያች እናት ቤት፣ ጉድለቱ ላይኛው ጎማ ነው። በመጨረሻ መድፈኛውን ንቀሉና ውሃው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይውረድ። እስከዚህ ድረስ ደረቅ የነበረው አመድ አሁን ከረጠበ ጉድለቱ ሲፎኑ ወይም ከእርሱ ወዲያ ያለው ቱቦ ነው። ይህ ሁሉ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ቀን መታገሥ ያቃተው ሰው ሴራሚክ ለመግዛት ጎንደር ድረስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ በየት በኩል እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለቱን ጎማዎች ግንብ ሳይነካ ከላይ መለወጥ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ወንፊቱ መካከል ላይ ባለ አንድ ብሎን የተያዘ ከሆነ፣ የትርፍ መውጫው ክዳንም እንዲሁ ከሆነ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ መፍታት ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ! ብሎኑ በተፈታ ጊዜ ከሥር ያለው ቱቦ የሚይዘው ነገር አጥቶ ወደ ጨለማው ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ በጣት አይገኝም። ስለዚህ ብሎኑ ወጥቶ ሳያልቅ በወንፊቱ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሳልፋችሁ የታችኛውን ዕቃ እሰሩትና ሽቦውን ሌላ ሰው ይያዘው። አሮጌውን ጎማ በጎን ስባችሁ አውጡ፣ ቦታውን በጨርቅ አጽዱ፣ አዲሱንም አጥፋችሁ በቀዳዳው አሳልፉና ዘርጉት። ልኩ በገበያ ካልተገኘ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ በመቀስ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ለጊዜው በደንብ ያገለግላል። ስታጠብቁም በልክ ይሁን። የፕላስቲክ ዕቃ በእጅ ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ያህል ቢጨመርለት ይበቃዋል። ጉልበት ያለው ሰው በቺያቬ ሲያጠብቀው ይሰነጥቀዋል።

ከላይ የማይቻል ከሆነ ወደ ኋላ ዙሩ። ከባኞው ጀርባ ዕቃ ቤት፣ ኮሪደር ወይም ጓሮ ካለ በዚያ በኩል አንድ ወይም ሁለት ብሎኬት ማውጣት ፊት ለፊት ያለውን ሴራሚክ ከማፍረስ ይሻላል። የኋላ ግድግዳ በሲሚንቶ ይደፈንና በኖራ ይቀባል፤ ሴራሚክ ግን አንዴ ከተሰበረ መልኩና ልኩ የሚመሳሰል አይገኝም። ቤቱ ፎቅ ከሆነ ከታች ባለው ክፍል ኮርኒስ በኩል ይታያል። በፊት በኩል ብቻ የሚቻል ከሆነም ማፍሰሻው ባለበት ጫፍ ብቻ ይከፈት። በጣት ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ነው። ስፋቱ 30 በ30 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ሁለት እጅና መብራት ያስገባልና።

ባለ ካሜራ ስልክ ያለው ሰው ከዚህም ያነሰ ሊያፈርስ ይችላል። በመጀመሪያ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ይከፈትና ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መብራቱ በርቶ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ ወደ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ወጥቶ ይታያል። ያልታየ ነገር ከመገመት ይህ ይሻላል። ስልኩን ግን በእጅ አንገት ማሰሪያው ወይም በገመድ እሰሩት፤ ጨለማው ውስጥ የሚወድቀው ቱቦ ብቻ አይደለም።

በጥገናው ጊዜ አንድ ነገር አጥብቀን እንከለክላለን። ቦታው ጠቦ ሥራው ሲያስቸግር «ሲፎኑን እንተወው፣ ቱቦውን ቀጥ አድርገን እንልቀቀው» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። ውሃው በርግጥ ይወርዳል። ሲፎን የተሠራው ግን ውሃ ለማውረድ ሳይሆን ከጉድጓዱ የሚመጣውን ለመመለስ ነው። በመታጠፊያው ውስጥ ብዙውን ጊዜ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ይቀራል። ይህች ጥቂት ውሃ የፍሳሽ ጉድጓዱን ሽታ፣ ዝንብና በረሮ ከቤት የምትለይ በር ናት። (እንዲህ ያለውን የታጠፈ ቱቦ ከመጸዳጃ ጋር አያይዞ በ1775 እ.ኤ.አ. የባለ መብትነት ማረጋገጫ ያገኘው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ሠሪ መሆኑ ደስ ይለናል።)

ይህች ውሃ ብትደርቅ ምን እንደሚመጣ በሆንግ ኮንግ ታይቷል። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ በገባ ጊዜ አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ከ300 በላይ ሰዎች ታመሙ። የጤና ባለ ሥልጣኖች ሲመረምሩ በብዙ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ያለው ማፍሰሻ ውሃ ስለማይፈስበት ሲፎኑ ደርቆ አገኙት። በዚያ በኩል ከበሽተኛ ሰገራ የተነሣ ረቂቅ ጠብታ፣ በአየር መሳቢያው እየተሳበ፣ ከፍሳሽ ቱቦው ወደየቤቱ እንደ ገባ መርማሪዎቹ ገመቱ። ደባርቅ ሆንግ ኮንግ አይደለችም፣ የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን በእኛም ከተሞች የባኞው ቱቦ ከመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ጋር ተገናኝቶ ወደ አንድ ጉድጓድ የሚገባበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ እንግዳ የማያድርበት ክፍል ቢኖር በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ በማፍሰሻው ይጨመርበት። ለወራት የሚዘጋ ከሆነ ውሃው ከገባ በኋላ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጣሉበት። ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል።

ማፍሰሻው የሚያፈስ ሳይሆን የተደፈነ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀላል። በዚህ አገር ዋናው ደፋኝ ፀጉርና ቅቤ ነው። ሴቶች ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ሲቆዩና ሲታጠቡት ቅቤው በሙቅ ውሃ ቀልጦ ይወርዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናትና ሲፎኑ እንደ ጉድጓድ ውሃ የቀዘቀዘ ነው። ቅቤው እዚያ ሲደርስ ይረጋል፣ የረገፈውንም ፀጉር እንደ ጭቃና ጭድ አጣብቆ ይይዛል። ቅቤ መቀባት ይቅር አንልም። ከመታጠባችሁ በፊት ቅቤውን በአሮጌ ጨርቅ ጥረጉና ወንፊቱ ላይ የተሰበሰበውን ፀጉር በየጊዜው አንሡ ነው የምንለው። የቡና አተላና የድስት አመድም በባኞ አይደፋ።

የተደፈነውን ለመክፈት የትርፍ መውጫውን በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑና በጎማ መሳቢያ ደጋግማችሁ ሳቡ። የላይኛው ቀዳዳ ካልተደፈነ አየሩ በዚያ እየወጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ካልሆነም አሮጌ የሞተር ብስክሌት ፍሬን ገመድ ጫፉን ፈትታችሁ አስገቡና እያዞራችሁ ሳቡት፤ ፀጉሩን ጠምጥሞ ያወጣል። ቅቤውን ለማቅለጥ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ በሳሙና ይበቃል። የፈላ ውሃ አታፍስሱ። በደባርቅ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም የፒቪሲ ቱቦ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚቆይ ሙቀት አይችልም፤ ይለሰልስና መጋጠሚያው ይላቀቃል። አሲድ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይገናኝ! ክሎሪን የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል፣ ጠባብ ባኞ ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ሳንባው ይጎዳል። እንዲሁም ጉድለቱ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ነው ተብሎ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ። በውስጡ የሚታፈነው ጋዝ የወረደውንም፣ ሊያወጣው የተከተለውንም ይገድላል።

እርጥብ ግድግዳ እንዲሁ ቢተው ምን አለበት የሚል ቢኖር፣ ሻጋታው ሳልና አስም ላለባቸው፣ ይልቁንም ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች፣ ጎጂ ነው። ግድግዳው የጭቃ ከሆነም ከሥሩ ይበላል። ከዚህ የባሰው ግን ቤተ ሰቡ ባኞ ቤቱን ቆልፎ መታጠቡን መቀነሱ ነው። በብርድ አገር መታጠብ ሲቀር ቅማልና እከክ ይከተላሉ፤ የልጆች ፊትም ሳይታጠብ ሲቀር ትራኮማ ይዛመታል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከጤና መኮንኑና ከኅብረተሰብ ነርሷ ጋር የንጽሕና ሠራተኛው፣ ሳኒቴሪያን የሚባለው፣ አብሮ እንዲሠለጥን የተደረገው ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

የእኒያን እናት ገብስ በተመለከተ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው ለጠላ ሊያደርጉት አስበው ነበር። እንዳያደርጉት ለመንናቸው። የሻጋታ መርዝ በመቁላትም በማፍላትም አይጠፋም፣ ለዶሮና ለከብትም አይበጅም። ዝም ብለው ቆዩና «የዘንድሮ ዘሬ እኮ ነው» አሉ። ከዚያም ከጓሮ አስቀበሩት። ያን ዓመት ዘር ከወንድማቸው ተበድረው ዘሩ።

ጎማው የተለወጠው በእህሉ ክፍል በኩል ሁለት ብሎኬት ወጥቶ፣ ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ ነው። ቀዳዳውን መልሰን አልደፈንነውም። አናጢ ለልኩ የእንጨት መዝጊያ ሠራለት፣ እርጥበት እንዳይበላውም በዘይት ቀለም ተቀባ። በፊት በኩል ለፈረሰውም ሌላ መልክ ያለው ሴራሚክ ተገዝቶ ተለጠፈ፤ በማፍሰሻው ጫፍ ያለው አንዱ ግን በሲሚንቶ ሳይሆን ዙሪያውን በሲሊኮን ብቻ ስለ ተያዘ፣ ሲያስፈልግ በቢላዋ ተቆርጦ ይነሣል። አዲስ የምትሠሩም ብትሆኑ ይህን ለግንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከተለጠፈ በኋላ መናገር አይጠቅምም። በመዝጊያው ጀርባ ሁለት ትርፍ ጎማ በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በምስማር ተሰቅሏል። ጆንያዎቹም አሁን ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጠዋል።